ዕውራን በድምፅ ስለ መመራታቸው

ዓይኑን ያጣ ሰው መንገዱን በምን ያገኛል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው በበትር ነው፣ ወይም በመሪ ልጅ ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በትሩም ልጁም ሥራቸውን የሚፈጽሙት በጆሮ በኩል እንደ ሆነ የሚያስተውል ጥቂት ነው። በትሩ ድንጋይ ሲነካ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ እንጨት ሲነካ ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ ልጁም ጉድጓዱንና ዕንቅፋቱን በቃሉ ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን ስለ ነበረው ዕውር ሲጽፍ፣ ሰውዬው አስቀድሞ ያወቀው የሕዝቡን ማለፍ እንደ ነበረ፣ ይህንንም በጆሮው ሰምቶ ምን እንደ ሆነ እንደ ጠየቀ ይተርካል። የቀረው ሁሉ የመጣው ከዚያ መስማት በኋላ ነው።

ድምፅ ለዕውራን መሪ ስለ መሆኑ ሲነገር፣ ነገሩ የሩቅ አገር ከተሞች ጥበብ ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከቅርብ ለመጀመር ለሚወድ፣ ከጐንደር በስተ ምዕራብ ያለው ቆላ በቂ ምሳሌ ይሰጣል። መንገደኛው ደጋውን ጨርሶ ወደ ገንዳ ውሃ ሲወርድ ሙቀቱም አፈሩም ይለወጡበታል። ገንዳ ውሃ ሸኸዲ በሚባለው ስሟም የታወቀች፣ የምዕራብ ጐንደር ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ጐዳናው ከእርሷ አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሱዳን ገላባት ነው። መተማ ዮሐንስ የተባለው በንጉሠ ነገሥቱ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ሲሆን፣ እርሳቸውም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት በዚያ ቆስለው በማግሥቱ አርፈዋል። በዚያ ዘመን የነበረ ሠራዊት ጫካ በበዛበት ቆላ ውስጥ እንዳይበታተን የሚጠብቀው ነጋሪትና መለከት ነበር፤ አለቃውን በዓይኑ ማየት ያልቻለ ወታደር ድምፁን እየሰማ ወደ ወገኑ ይመለስ ነበርና። እንግዲህ በድምፅ መመራት የዕውር ዕድል ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በዚህ ቆላ ከሚፈሱት ወንዞች የታወቀው ጓንግ ነው። ጓንግ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በሱዳን አትባራ ተብሎ ወደ ዓባይ ይገባል። በክረምት ሲሞላ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ ዓይን የሌለው ሰው የወንዙን ዳር፣ የመልካውን ስፍራና የውሃውን ብርታት በዚሁ ጩኸት ይለያል። ዝግ ብሎ የሚሄደው ውሃ ዝም ይላል፤ ከድንጋይ ጋር የሚታገለው ግን ይጮኻል። የሚያሳዝነውም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ፈጥኖ የሚወርድበትና ድንጋይ እየመታ የሚጮኽበት ያው ስፍራ፣ የሰውን ዓይን የሚያጠፋው በሽታ አስተላላፊ የሚራባበት ስፍራ ነውና።

ይህ በሽታ ኦንኮሰርሲያሲስ ይባላል፤ በብዙ አገር የሚጠራውም የወንዝ ዕውርነት ተብሎ ነው። የሚያስተላልፈው ትንሽ ጥቁር ዝንብ ነው። የዝንቡ ዕጭ የሚያድገው አየር በበዛበት ፈጣን ውሃ ውስጥ ከድንጋይና ከቅጠል ጋር ተጣብቆ ነው፤ ስለዚህ በረጋ ኩሬ አይገኝም። ዝንቡ በቀን ይነክሳል፤ ሲነክስም የትሉን ልጆች ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያሻግራል። እናቲቱ ትል በሰው ሥጋ ውስጥ በእባጭ መልክ ተሸሽጋ ከዐሥር ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ የሚጎዱት ግን እልፍ አእላፍ ልጆቿ ናቸው። እነርሱ በቆዳ ሥር እየሄዱ ማሳከክንና የቆዳ መበላሸትን ያመጣሉ፤ ወደ ዓይን የገቡትም በዓይን ውስጥ ሲሞቱ ብርሃኑን በጥቂት በጥቂቱ ያጨልሙታል። በኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ከዓይን ይልቅ ቆዳን በማበላሸት የበረታ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የተገለጸው አገር አቀፍ ምርመራ፣ ከመቶው ሰው 1.6 የሚሆነው ዕውር መሆኑንና የዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል፤ የትራኮማም ጉዳት ከባድ ነበር፤ በአማራ ክልልም ትራኮማ ከሌላው አገር ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ በምዕራብ ጐንደር ያለ ዕውር ሁሉ የወንዙ ዝንብ ያሳወረው ነው ማለት ስሕተት ይሆናል።

ይህን ካስተዋልን በኋላ የመተማ ነገር ደስ የሚያሰኝ ክፍል አለው። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት የትሉን ልጆች ይገድላል፤ እናቲቱን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ መዋጥ አለበት። መድኃኒቱን ለሚያስፈልገው ሕዝብ ሁሉ በነጻ ለመስጠት መርክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ቃል ገባ፤ መድኃኒቱ የተገኘበትን ምርምር የሠሩት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤልም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ዝንቡ ግን ድንበር አያውቅም፤ በመተማ በኩል ሕዝቡ ቢታከም፣ በገላባት በኩል ያልታከመ ካለ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያና ሱዳን በአንድነት ሠርተው፣ መተላለፉ መቋረጡን ካረጋገጡ በኋላ፣ በመተማና በገላባት መድኃኒት ማደሉን በ2010 ዓ.ም. መባቻ ግድም፣ ይኸውም በአውሮፓውያን 2017 መጨረሻ፣ በስምምነት አቆሙ። በአፍሪካ ሁለት አገሮች በድንበራቸው ላይ ይህን በሽታ እንዲህ ተባብረው ሲያቋርጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ስደተኛ በዚያው በመተማ በር ከገባ ወዲህ፣ ያን ጊዜ የተገኘውን ነገር መጠበቁ ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መድኃኒት የሚጠብቀው ገና ያልታመመውን ነው፤ የጠፋውን ዓይን አይመልስም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ዕውሩና ወደ መሪው ልጅ ይመለሳል። በጄኔቭ በዓለም የጤና ድርጅት ግቢ የቆመ ሐውልት አለ፤ በትር ይዞ የሚሄድ ዕውር ሽማግሌንና የበትሩን ጫፍ ይዞ የሚመራውን ልጅ ያሳያል። ሐውልቱን የሚያይ ሁሉ ለሽማግሌው ያዝናል። ለልጁስ ማን ያዝናል? ልጁ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት አልሄደም፤ በማግሥቱም አይሄድም። በኢትዮጵያም የዕውር መሪ የሆነ ልጅ የልጅነቱን ዘመን በሌላው ሰው መንገድ ላይ ይጨርሳል። ዕውሩን በድምፅ ብቻውን እንዲሄድ ያስቻለ ነገር ሁሉ፣ ሁለት ሰው ነጻ ያወጣ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ከአገራችን ነገር ለዕውሩ ጆሮ ሰፊ በር የከፈተው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ፊደል ቆጥሮ መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ተማሪ የቃል ትምህርት ነበረለት፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ዜማውም ቅኔውም በዚሁ ይሄዳል። ዓይን ያለው ተማሪ እንኳ ድጓውን በቃሉ ካልያዘ ሊቅ አይባልምና፣ ዕውሩ ከእርሱ ብዙ አይርቅም፤ እንዲያውም በማስታወስ የሚበልጥበት ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ ከዕውራን መካከል የዜማና የቅኔ ሊቃውንት መነሣታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በእስክንድርያም ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ፤ ዲዲሞስ በልጅነቱ፣ በአራት ዓመቱ ያህል፣ ዓይኑን አጥቶ፣ ፊደልን በእንጨት ላይ ተቀርጾ በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገራል፤ ከዚያም ጆሮውን ከፍቶ የሌላውን ንባብ እየሰማ ታላቅ መምህር ሆነ፤ የላቲን ሊቁ ሄሮኒሞስም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ መንገድ የሚያሳይ ድምፅ አለ። በጣና ደሴቶችና በሌሎችም ጥንታውያን ገዳማት ከብረቱ ደወል በፊት የነበረው የድንጋይ ደወል ዛሬም ይታያል፤ ረዘም ያለ ድምፀ መልካም ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታል። የተሠራው ለጸሎት ለመጥራት ነው፤ ለዕውር አልተሠራም። ሆኖም በሌሊት ለማሕሌት የሚወጣው ዕውር ደብተራ ከቤቱ ሲነሣ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንዳለ ከዚሁ ድምፅ ያውቃል፤ ከደረሰም በኋላ በቅኔ ማሕሌቱ ክብ ውስጥ የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ ቦታውን ይነግረዋል።

የድንጋዩ ደወል ለምን ይህን ያህል መልካም መሪ እንደ ሆነ፣ የኋላ ዘመን ሊቃውንት ያገኙት ነገር ያስረዳል። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳሳየው፣ ሰው የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚቀድመውም ከሴኮንድ ሺኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ጆሮ ይህን ይለያል። ቀጭን ድምፅ ሲሆን ደግሞ ራስ እንደ ግድግዳ እየከለለው በሩቁ ጆሮ ዘንድ ይደክማል። ከዚህ የሚከተለው፣ ጅማሬው የተሳለና እየተቋረጠ የሚደጋገም ድምፅ በቀላሉ እንደሚገኝ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የሚጐተት ድምፅ ግን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ እንደሚያስቸግር ነው። የድንጋይ ደወል እያንዳንዱ ምት ጅማሬው የተሳለ ነው፤ ይደጋገማልም። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች በመንገድ መሻገሪያ ግንድ ላይ የሚተከለው የዕውራን ድምፅ ሰጪ በአንድ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል አጭር ድምፅ የሚያሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። መነኮሳቱ ይህን ሳይንስ ሳያነቡ ደርሰውበታል።

ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር ደግሞ አለ። ፈረንሳዊው ዴኒ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1749 ስለ ዕውራን አንድ ደብዳቤ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ታሰረ፤ ለመታሰሩም ይህ ጽሑፍ አንዱ ምክንያት ነበር። በደብዳቤው ከገለጻቸው ነገሮች አንዱ፣ ዕውሩ ሰው ሳይነካ በፊቱ ያለውን መከልከያ ማወቁ ነው። ከዚህ በኋላ ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ ብዙዎች ይህ ስሜት በፊት ቆዳ ላይ ያለ፣ አየሩ ፊትን ሲነካ የሚታወቅ ነው ብለው አመኑ፤ ዕውራንም ራሳቸው ግንቡ ፊታቸውን እንደ ነካቸው ሆኖ ይሰማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱፓ፣ ኮትዚንና ዳለንባክ ይህን ፈተኑት። ዕውራንና ዓይናቸው የታሰረ ጤነኞች ወደ ግድግዳ እንዲሄዱ አደረጉ። ፊታቸውንና እጃቸውን በወፍራም ጨርቅ ሲሸፍኗቸው ግድግዳውን ማወቃቸው አልጠፋም፤ ጆሯቸውን ሲደፍኑባቸው ግን ከግድግዳው ጋር ተጋጩ። በመጨረሻም ተፈታኙን በሌላ ክፍል አስቀምጠው፣ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ሌላ ሰው የእርምጃ ድምፅ በማይክሮፎን አሰሙት፤ ያም ተፈታኝ በዚያ ድምፅ ብቻ ግድግዳው መቅረቡን ዐወቀ። በሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው ፊት ቆዳ በእርግጥ የሚሰማው ነገር አልነበረም። እንግዲህ መሪው የእርምጃና የበትር ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ የሚሰማው ገደል ማሚቶ ነበር። የሌሊት ወፍም በጨለማ የሚበርረው በዚሁ መንገድ እንደ ሆነ በዚያው ዘመን ታወቀ፤ ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ከዚያ በፊት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ የሌሊት ወፍ ዓይኑ ቢታወርም እንደማይጋጭ ማወቁ ይታወሳል።

ይህን ነገር ያላወቁት ሊቃውንት እንጂ ዕውራን አልነበሩም። እንግሊዛዊው የባሕር መኰንን ጀምስ ሆልማን በ25 ዓመቱ ዓይኑን ካጣ በኋላ በጫፉ ብረት ያለውን በትር መሬት እየመታ ማሚቶውን እየሰማ ዓለምን ዞሯል፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1857 ነው።

እዚህ ላይ የቆላውን መሬት ማሰብ ያስፈልጋል። በጐንደር ከተማ ግንብና የድንጋይ አጥር የበዛበት ስፍራ በትር ሲመታ ድምፁ ከግድግዳው ይመለሳል። በገንዳ ውሃ ዙሪያ ያለው መሬት ግን በብዙ ስፍራ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ረጥቦ በትሩን ይውጠዋል፤ ድምፅም አይሰጥም። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ የቀረውን ድምፅ ይጠጣል። ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ከቶ የሚመለስ ድምፅ የለም። በበጋ ዋልካው ደርቆ ሲሰነጠቅ በትሩ እንደ ገና ይናገራል፤ ግን በስንጥቁ ይሰነቀራል። ስለዚህ በደጋው በማሚቶ የሚሄድ ዕውር ቆላ ቢወርድ ሌላ ድምፅ መፈለግ ግዴታው ይሆናል፤ የወንዙን ጩኸት፣ የከብቱን ቃጭል፣ የገበያውን ውካታ፣ የጐዳናውን መኪና። መኪና የሚመላለስበት ጐዳና ለዕውር አደጋ ነው፤ ነገር ግን የጐዳናውን አቅጣጫ እንደ ተዘረጋ ገመድ የሚያሰማውም ራሱ ነው። ይህን ዓይን ያለው ሰው ብዙ አያስተውለውም።

ነጩ በትር የመጣበትን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋልና በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በእንግሊዝ በብሪስቶል ከተማ ጀምስ ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1921 መኪና የበዛበትን መንገድ ስለ ፈራ በትሩን ነጭ ቀባው፤ በፓሪስም ጊይ ደርብሞን የተባለችው እመቤት በ1931 ነጭ በትርን ለዕውራን አከፋፈለች። ነጭነቱ የሚጠቅመው ለሌላው ሰው ዓይን ነው፤ ለዕውሩ ጆሮ የሚጠቅመው ግን ርዝመቱና አያያዙ ነው። ይህንንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በአሜሪካ በቫሊ ፎርጅ ሆስፒታል ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮችን ያስተማረው ሪቻርድ ሁቨር አወጣ፤ ቀላልና ረጅም በትር በእግር እርምጃ ተቃራኒ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያነኩ መሄድን አስተማረ። እያንዳንዱ ምት ለእጅ ንክኪ፣ ለጆሮ ድምፅ ሆነ።

የመንገድ መብራት ሲመጣ ደግሞ አዲስ ችግር መጣ። ቀይና አረንጓዴ ለዕውር አንድ ናቸው። በቶኪዮ ከተማ ሱጊናሚ በሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1955 ድምፅ የሚያሰማ የመንገድ ምልክት ተተከለ፤ ከዚያም ወዲህ ጃፓኖች በሁለቱ አቅጣጫዎች ሁለት ዓይነት የወፍ ድምፅ አደረጉ፤ አንዱ የኩኩ፣ ሌላው የጫጩት፤ ስለዚህ ተሻጋሪው መሻገር የተፈቀደለት በየትኛው መንገድ እንደ ሆነ ከድምፁ ይለያል። አውስትራልያውያን በ1980ዎቹ በሲድኒ የሠሩት ቁልፍ በቀይ ጊዜ ዝግ እያለ ያንኳኳል፤ በአረንጓዴ ጊዜ ፈጥኖ ይመታል፤ ጆሮውም ዓይኑም ለጠፋበት ደግሞ በእጅ ሲነካ ይንቀጠቀጣል። በኢትዮጵያ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመ ሲሆን፣ መንግሥትም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቋል። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው መንገድ የሚናገር ድምፅም መጥቷል፤ ነገር ግን ጆሮውን በስልክ የደፈነ ዕውር የመኪናውን ድምፅ መስማት ያቅተዋልና፣ ያስተማሩት ሁሉ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርግ ይሉታል።

አሁን የመጣው ነገር ከቀደመው ሁሉ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም የተሰወረው ምልክት ሳይሆን ራሱ የመኪናው ድምፅ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና በዝግታ ሲሄድ ጐማው እንኳ ብዙ አይሰማም። በአሜሪካ ይህን ያነሡት ዕውራን ራሳቸው ናቸው፤ በጥያቄያቸውም እ.ኤ.አ. ጥር 2011 ሕግ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ በ2016 ተከተለ፤ በአውሮፓም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ ተደነገገ፤ ከዚያ በላይ ሲፈጥን የጐማው ድምፅ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሾፌሩ ድምፁን እንዲዘጋ የሚያስችል ቁልፍ ተፈቅዶ ነበር፤ ኋላ ግን ተከለከለ። ቁልፉ የነበረው ድምፁ በማያስፈልገው ሰው እጅ ነበርና።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሏን አስታወቀች፤ በዚህም ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። የሚገባው መኪና ግን በየትኛው አገርና በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ ይለያያልና፣ አንዱ በጐዳናው ላይ ድምፅ እያሰማ ሲያልፍ፣ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋል።